ክርስቲ ኮቨንትሪ ከየት መጣች? ደሴና ኮምቦልቻስ ዋናተኛ የማያወጡት ለምንድን ነው?

መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ግሪክ ውስጥ የተሰበሰቡት የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት አዲስ ፕሬዚዳንት መረጡ። የተመረጠችው ዚምባብዌያዊቷ የቀድሞ ዋናተኛ ክርስቲ ኮቨንትሪ ናት። ኮሚቴው ከተቋቋመ 131ኛ ዓመቱን እየያዘ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ሴት መርታው አታውቅም። አፍሪካዊም መርቶት አያውቅም።

እንዲህ ያለ ዜና ሲመጣ ወሎ ውስጥ ወሬው ቶሎ ወደ ራስ ሰፈር ይዞራል። ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ስለ ዋና ከተነሳ ሦስት ዓይነት አስተያየት አይጠፋም። አንዱ፣ «አፍሪካዊት ከሆነች ለእኛም ገንዳ ታሠራልናለች» ይላል። ሌላው፣ «ነጭ ስለሆነች ነው እንጂ አፍሪካዊ የት ዋና ያውቃል» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ፣ «እኛ ደገኞች ነን፤ ለሩጫ እንጂ ለዋና አልተፈጠርንም» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። ሦስቱም ግን ዋናውን ነገር ይስታሉ። ዋናተኛ በአንድ ነገር አይወጣም። ከልጅነት ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚቀባበል ሰንሰለት ያስፈልገዋል። የኮቨንትሪን ሕይወት ጠጋ ብሎ ላየ ሰንሰለቱ ቀለበት በቀለበት ይታያል። እኛ ዘንድ የቱ ቀለበት እንደጎደለም ያኔ ግልጽ ይሆናል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገንዳ አጠገብ ማደግ

ኮቨንትሪ የተወለደችው በ1983 ሐራሬ ውስጥ ነው። ዚምባብዌ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። ከነፃነት በፊት አገሪቱን የያዙት ነጭ ሰፋሪዎች በየሰፈራቸው፣ በየትምህርት ቤታቸውና በየክለባቸው መዋኛ ገንዳ ሠርተው ነበር። መንግሥት ሲቀየር ገንዳዎቹ እዚያው ቀሩ። ልጅቷ ያደገችው በዚህ አካባቢ ነው። የተማረችውም ሐራሬ ውስጥ ባለ የግል የሴቶች ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው።

ስለዚህ «ነጭ ስለሆነች ነው» የሚለው ሰው ግማሽ መንገድ ትክክል ነው። ቀለሟ ጠቅሟታል። የጠቀማት ግን ገንዳ አጠገብ እንድታድግ ስላደረጋት ነው። እዚያው ሐራሬ ውስጥ፣ በዚያው ዓመት፣ በድሃ ሰፈር የተወለደች ጥቁር ልጅ ያን ዕድል አላገኘችም። ይህ የሰውነት አፈጣጠር ጉዳይ አይደለም። ማን ወደ ውሃው ቀረበ፣ ማን አልቀረበም የሚል ጉዳይ ነው።

በኦሊምፒክ የዋና ውድድር ወርቅ ያገኙት የአፍሪካ አገሮች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ዚምባብዌና ቱኒዚያ። ቱኒዚያዊው ኡሳማ መሉሊ በ2008 በ1,500 ሜትር አሸነፈ። በ2012 ደግሞ በ10 ኪሎ ሜትር የክፍት ውሃ ውድድር ደገመ። ሌላው ቱኒዚያዊ አሕመድ ሐፍናዊ በቶኪዮ ኦሊምፒክ በ400 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ያኔ 18 ዓመቱ ነበር። ጉዳዩ የቆዳ ቀለም ቢሆን ኖሮ የቱኒዚያን ነገር ማስረዳት ባስቸገረ።

ሲድኒ ላይ የታዩት ሁለት አፍሪካውያን

የ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ኮቨንትሪ በዚያ ውድድር በ100 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ ዚምባብዌያዊ ዋናተኛ አልነበረም። እሷ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ናት።

በዚያው ገንዳ፣ በዚያው ሳምንት፣ የኢኳቶሪያል ጊኒው ኤሪክ ሙሳምባኒ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ቀረበ። ዋና የጀመረው ከውድድሩ ጥቂት ወራት በፊት ነው። የተለማመደው በአንድ ሆቴል ትንሽ ገንዳ ውስጥ ነው። የ50 ሜትር ገንዳ በዓይኑ ያየው ሲድኒ ሲደርስ ነው። አብረውት የተመደቡት ሁለት ተወዳዳሪዎች ቀድመው በመነሳታቸው ተሰረዙና ብቻውን ዋኘ። የመጨረሻዎቹን ሜትሮች ሊሰምጥ የደረሰ ይመስል ነበር። የጨረሰው በ1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ነው። ያን ጊዜ ምርጦቹ በ48 ሰከንድ አካባቢ ይገቡ ነበር።

ዓለም ለሙሳምባኒ አጨበጨበ። ጭብጨባው ይገባዋል። ግን በሁለቱ መካከል የነበረውን ልዩነት ድፍረት ወይም ወኔ አላመጣውም። ድፍረት እንዲያውም ከእሷ ይልቅ እሱ ዘንድ ሳይበዛ አይቀርም። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ አሰልጣኝ፣ ክለብ፣ ውድድርና ትክክለኛ ገንዳ ነበራት። እሱ የነበረው ሆቴል ነው። ሙሳምባኒ ኋላ ላይ የአገሩ ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ሆኗል። የጎደለውን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለምና ምርጫው ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ቀለበት፤ አሜሪካ

ሐራሬ ኮቨንትሪን ሲድኒ አደረሰቻት። ለሜዳሊያ ግን አልበቃቻትም። ልጅቷ በስኮላርሺፕ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ወጪዋን ሸፍኖላት፣ አሜሪካ አላባማ ወዳለው ኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሄደች። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለዋና ቡድኖቻቸው ሙሉ ጊዜ አሰልጣኝ፣ ሐኪምና የጂም ባለሙያ ይቀጥራሉ። በየሳምንቱ ብርቱ ፉክክር አለ።

ውጤቱ ፈጥኖ መጣ። በ2004 አቴንስ ላይ በ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ወርቅ፣ በ100 ሜትር ብር፣ በ200 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ ነሐስ አገኘች። ድብልቅ ቀዘፋ የሚባለው አንድ ዋናተኛ ቢራቢሮ፣ ጀርባ፣ ደረትና ነፃ ቀዘፋን በተራ የሚዋኝበት ውድድር ነው።

በ2008 ቤጂንግ ላይ የ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ወርቋን ደገመች። ሰዓቷ 2 ደቂቃ ከ5.24 ሰከንድ ነበር፤ የዓለም ክብረ ወሰን። ሁለተኛ የወጣችው አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሆልዘር ናት። እሷም የኦበርን ልጅ ናት። የኦሊምፒክ ወርቅና ብር ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ገንዳ ወጡ ማለት ነው። ስለ ሰንሰለት ለሚጠራጠር ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

በዚያው ቤጂንግ ሦስት ብርም አምጥታለች። የ100 ሜትሩ የሚያስቆጭ ነበር። በግማሽ ፍጻሜው በ58.77 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ሰብራ በፍጻሜው ሁለተኛ ወጣች። በ200 ሜትር ድብልቅ ቀዘፋ ደግሞ ወርቁ ያመለጣት በ14 መቶኛ ሰከንድ ነው።

ዚምባብዌ በኦሊምፒክ ታሪኳ ያገኘችው ሜዳሊያ ስምንት ነው። ሰባቱ የእሷ ናቸው። ስምንተኛው የሴቶች የሜዳ ሆኪ ቡድን በ1980 ሞስኮ ላይ ያገኘው ወርቅ ነው። ቤጂንግ ላይ በተወዳደረችበት በ2008 አገሯ በዋጋ ንረትና በምርጫ ውዝግብ እየታመሰች ነበር። በመሬት ጉዳይ የተነሳ በነጮችና በመንግሥት መካከል ያለው ግንኙነትም የሻከረ ነበር። ሆኖም ፕሬዚዳንት ሙጋቤ «ወርቃማ ልጃችን» ብለው 100,000 ዶላር ሸለሟት። ሕዝቡም የራሴ ብሎ ተቀበላት።

ለንደንና ሪዮ ላይም ተወዳድራለች። በሁለቱም የ200 ሜትር የጀርባ ቀዘፋ ፍጻሜ ስድስተኛ ወጣች። በ2016 ከሪዮ በኋላ ውድድር አቆመች። አምስት ኦሊምፒክ መሆኑ ነው።

ባንዲራዎቹ

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ጥሩ ነው። በጀርባ ቀዘፋ ዋናተኛዋ ተንጋላ ስለምትሄድ የፊቷን አታይም። የምታየው ጣሪያውን ነው። ግድግዳው መቅረቡን የምታውቀው ከላይ በገመድ በተሰቀሉ ትናንሽ ባንዲራዎች ነው። ከግድግዳው 5 ሜትር ርቀው፣ ከውሃው 1.8 ሜትር ከፍ ብለው ይሰቀላሉ። ባንዲራውን እንዳለፈች እጇን መቁጠር ትጀምራለች። ስንት ጊዜ ቀዝፋ መገልበጥ እንዳለባት ሰውነቷ ያውቀዋል። አንድ ከበዛ ጭንቅላቷ ከግድግዳው ይጋጫል። አንድ ካነሰ እግሯ የሚገፋው ግድግዳ አያገኝም።

ይህን ቁጥር መጽሐፍ አያስተምርም። አንዲት ልጅ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እዚያው ርቀት ላይ፣ እዚያው ባንዲራ ሥር ስትገለበጥ ነው የምትይዘው። የሆቴል ገንዳ ለመዝናኛ የተሠራ ነው። ቅርጹ አንዳንዴ ክብ፣ አንዳንዴ የኩላሊት ቅርጽ ነው። መስመር የለው፣ ባንዲራ የለው። እዚያ ውሃ መልመድ ይቻላል። ውድድር መልመድ ግን አይቻልም። የሙሳምባኒ ችግር ከመነሻው ይኼው ነበር።

«ደጋ ላይ ዋናተኛ አይወጣም»

ይህ አባባል ወሎ ውስጥ በጣም የተለመደ ነው። ሲመረመር ግን ውኃ አያነሳም።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ዳገት ቁልቁል ወርዶ የሚገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ፎን ሮሜ የሚባል የስፖርት ማሰልጠኛ አለ። ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ፣ ልክ እንደ ኮምቦልቻ ነው። የዓለም ምርጥ ዋናተኞች ገንዘብ ከፍለው ለሳምንታት እዚያ ይሰለጥናሉ። ስፔን ውስጥ ያለው የሴራ ኔቫዳ ማዕከል 2,320 ሜትር ላይ ነው፤ ወደ ደሴ የተጠጋ። የአሜሪካው ኮሎራዶ ስፕሪንግስም ከኮምቦልቻ ብዙ አይርቅም። ሐራሬ ራሷ ወደ 1,500 ሜትር ትጠጋለች።

ምክንያቱ ከሯጮቻችን የምናውቀው ነው። ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ደሴ ላይ ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ሰውነት በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ደሙ ቀይ የደም ሕዋሶችን ይጨምራል። ይህ ለሯጭ እንደሚጠቅመው ለዋናተኛም ይጠቅማል ብለው ብዙ አሰልጣኞች ያምናሉ። ጥቅሙ ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ። ከፍታ ዋናተኛ ከመሆን ያግዳል የሚል ክርክር ግን በመካከላቸው የለም።

ከፍታው የሚያመጣው እውነተኛ ችግር ብርዱ ነው። የውድድር ገንዳ ውሃ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ መሆን አለበት። ደሴ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ያለውን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ውሃውን ማሞቅ ግድ ነው። ማሞቂያ ደግሞ ወጪ ነው። በዚህ ምክንያት ከሁለቱ ከተሞች ለገንዳ የምትመቸው ቆላ ቀመሷ ኮምቦልቻ ናት ብዬ አምናለሁ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። የደሴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ወርዶ ከሰዓት ሊመለስ ይችላል።

ስንት ጄሪካን?

የዋና ነገር ሲነሳ ትልቁ ተቃውሞ የውሃ ነው። «ሰው በፈረቃ ውሃ እየጠበቀ ገንዳ ትሞላላችሁ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስለዚህ ማስላት ይሻላል።

የኦሊምፒክ ገንዳ 50 ሜትር ርዝመት፣ 25 ሜትር ስፋት አለው። ጥልቀቱን 2 ሜትር ብቻ ብንይዘው 2,500 ሜትር ኩብ ነው፤ 2.5 ሚሊዮን ሊትር። በባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጄሪካን ሲቆጠር 125,000 ጄሪካን ይሆናል። ይህን ለኮምቦልቻ ማሰብ አሁን ቅንጦት ነው። እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቹ ልክ ናቸው።

ግን ልጅ ለማስተማር የኦሊምፒክ ገንዳ አያስፈልግም። 25 ሜትር ርዝመት፣ 12 ሜትር ተኩል ስፋት፣ በአማካይ 1.4 ሜትር ጥልቀት ይበቃል። አምስት መስመር ይወጣዋል። ውሃው 437,500 ሊትር ነው፤ 22,000 ጄሪካን ገደማ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይህ ውሃ በየቀኑ አይደፋም። ፓምፕ ይስበዋል፣ በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል፣ ክሎሪን ይጨመርበታል፣ ይመለሳል። በቀን የሚጎድለው የሚተነውና በሰው ገላ የሚወጣው ነው። በቀን ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢተን ወደ 1,560 ሊትር ይሆናል፤ 78 ጄሪካን። አንድ መካከለኛ ሆቴል ለአልጋ ልብስ አጠባ ከሚያውለው ጋር ሊቀራረብ ይችላል።

አስቸጋሪው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ፓምፑ ሁለት ቀን ከቆመ ውሃው ይረክሳል። ክሎሪን በጊዜ ካልተገዛ ገንዳው የበሽታ ምንጭ ይሆናል። አገራችን ውስጥ ብዙ የሕዝብ መገልገያ ሪባን ተቆርጦለት፣ በሁለተኛው ዓመት መለዋወጫ አጥቶ ቆሟል። ለገንዳ ትልቁ አደጋ ይኼ ነው። ግንባታው የአንድ ጊዜ ወጪ ነው። ጥገናው ዕድሜ ልክ ነው። በጀት ሲያዝ ለሁለተኛው ያልታሰበበት ገንዳ ባይሠራ ይሻላል።

ሌላም ክብደት ያለው ሐሳብ አለ። ሁለቱም ከተሞች በ2021 ጦርነት ክፉኛ ተጎድተዋል። የደሴ ሆስፒታልና ወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረታቸው ተዘርፏል፣ ወድሟል። «መጀመሪያ እሱ ይጠገን» የሚል ሰው ክፉ አላሰበም። የእኔ ሐሳብ ከእሱ የሚለየው በአንድ ነጥብ ነው። ዋናን እንደ ስፖርት ብቻ ካየነው በእርግጥ ተራው ገና ነው። ከሞት ማዳኛ አድርገን ካየነው ግን ተራው ወደ ፊት ይመጣል።

ሐይቅ፣ ቦርከናና የሚሰምጡ ልጆች

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሐይቅ የሚባለው ሐይቅ አለ። «ይህን የመሰለ ውሃ እያለ ገንዳ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ሐይቁ ግን ለጀማሪ አይሆንም። ጥልቀቱ ወደ 80 ሜትር ይደርሳል። ገመድ የለበትም፣ የሚጠብቅ ሰው የለበትም። የተማረና ብርቱ የሆነ ዋናተኛ ለረጅም ርቀት ልምምድ ሊጠቀምበት ይችላል። መሉሊ በ2012 ያሸነፈበት ዓይነት የክፍት ውሃ ውድድር ለወደፊቱ ሐይቅ ላይ ቢዘጋጅ የሚያምር ነገር ነው። ግን መማሪያው እዚያ አይደለም።

ቦርከና ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ወንዙ ደሴንም ኮምቦልቻንም ነክቶ ያልፋል። የከተማና የፋብሪካ ቆሻሻ ይገባበታል። በክረምት ድንገት ይሞላል። ሆኖም ሙቀት ሲመጣ ልጆች ከወንዝ አይቀሩም። ልጅ ውሃ ካየ ይገባል። ወላጅ ቢቆጣም ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ የሞቱት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ድርጅቱ ከሚመክራቸው መፍትሔዎች አንዱ ዕድሜያቸው ለትምህርት የደረሱ ልጆችን መሠረታዊ ዋናና የውሃ ጥንቃቄ ማስተማር ነው። ትምህርቱ ረጅም አይደለም። ውሃ ላይ መንሳፈፍ፣ ትንፋሽ መያዝ፣ 25 ሜትር መድረስ፣ የሚሰምጥ ጓደኛን ዘሎ ከመግባት ይልቅ እንጨት ወይም ገመድ መወርወር። ይህን ያወቀ ልጅ ቦርከና ዳር ሲደርስ ካላወቀው ይልቅ በሕይወት የመመለስ ዕድሉ ሰፊ ነው።

የሮቤል ነገርና «የዩኒቨርሳሊቲ» ቦታ

ስለ ኢትዮጵያ ዋና ሲወራ ሪዮ 2016 መነሳቱ አይቀርም። ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገብቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻ ሆነ። አሸናፊው ካይል ቻልመርስ 47.58 ነበር። አገር ውስጥም ውጭም ተሳለቁበት። ስለ ሰውነቱ የተጻፈው ነገር ያሳዝናል። እንዴት ተመረጠ የሚለው ጥያቄም ተነሳ። የምርጫው ጥያቄ መነሳቱ ትክክል ነበር። ስድቡ ግን አልነበረም።

ብዙ ሰው ያልተረዳው፣ እንደ ሮቤል ያሉ ዋናተኞች የሚገቡት ዩኒቨርሳሊቲ በሚባል ደንብ መሆኑን ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው። በሰዓት ያለፈ ዋናተኛ የሌለው አገር አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲያሳትፍ ይፈቀድለታል። ተወዳዳሪው በዓለም ሻምፒዮና ተሳትፎ መሆን አለበት። ደንቡ የተጻፈው ኦሊምፒክ የሀብታም አገሮች ጨዋታ ብቻ እንዳይሆን ነው። ሙሳምባኒም በዚህ መንፈስ ነው ሲድኒ የገባው። ኢትዮጵያም በለንደን 2012 ሁለት ዋናተኞችን በ50 ሜትር አሰልፋለች።

ስለዚህ ደንቡ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ? አንዳንዶች ውድድሩን ያዋርዳል ይላሉ። ሌሎች በሩን ክፍት ያደርጋል ይላሉ። እኔ የምስማማው ከሁለተኞቹ ጋር ነው፤ ግን አገር ውስጥ ግልጽ ማጣሪያ ካለ ብቻ። ቦታው ሁለት ነው። ለእነዚያ ሁለት ቦታዎች ከኮምቦልቻም፣ ከባሕር ዳርም፣ ከአርባ ምንጭም የመጡ ልጆች በሰዓት ተወዳድረው ካልተለዩ፣ በሩ የሚከፈተው ለቀረበ ሰው ብቻ ይሆናል።

ከውሃ ወደ ወንበር

ኮቨንትሪ ውድድር ሳታቆም ነው ወደ አስተዳደር የገባችው። ለንደን 2012 ላይ በስፖርተኞች ኮሚሽን ምርጫ ተወዳደረች። ኮሚሽኑ ስፖርተኞች ራሳቸው ወኪሎቻቸውን የሚመርጡበት አካል ነው። ከ2018 እስከ 2021 ሊቀመንበሩ ሆነች። በ2018 ደግሞ በፕሬዚዳንት ምናንጋግዋ መንግሥት የወጣቶችና ስፖርት ሚኒስትር ተደረገች።

በኦሊምፒክ ኮሚቴው የፕሬዚዳንትነት ምርጫ ሰባት ዕጩዎች ነበሩ። ከእነሱ መካከል የሁለት ጊዜ የ1,500 ሜትር የኦሊምፒክ ሻምፒዮኑ ሰባስቲያን ኮ እና የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልጅ ሁዋን አንቶኒዮ ሳማራንች ይገኙበታል። ድምፅ ከሰጡት 97 አባላት 49ኙ እሷን መረጡ። ሳማራንች 28፣ ኮ 8 አገኙ። በመጀመሪያው ዙር አለቀ። ሰኔ ላይ ሥልጣኑን ከቶማስ ባክ ተረከበች። የመጀመሪያው የሥራ ዘመኗ ስምንት ዓመት ነው፤ እስከ 2033።

ስለ ሚኒስትርነቷ ያለው ፍርድ የተከፋፈለ ነው። ተቺዎቿ በእሷ ጊዜ ፊፋ ዚምባብዌን በ2022 ማገዱን፣ የአገሪቱ ስታዲየሞች ደረጃ አጥተው ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታ ባዕድ አገር መጫወቱን ያነሳሉ። የዋሊያዎቹን ስደት ለምናውቅ ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። ደጋፊዎቿ በበኩላቸው እገዳው የመጣው መንግሥት በገንዘብ ብክነትና በሴት ዳኞች ላይ ተፈጽሟል በተባለ ትንኮሳ የተከሰሰውን የእግር ኳስ ማኅበር አመራር ስላገደ ነው ይላሉ። እገዳው በ2023 ተነስቷል። ሁለቱም ወገን የሚያነሳው ነገር ተፈጽሟል። ከዚህ የምወስደው፣ ሰባት ሜዳሊያ ያላት ሰውም ሚኒስትር ስትሆን ስታዲየም በአንድ ፊርማ ማስጠገን እንዳልቻለች ነው።

ከእሷ ምን ይጠበቃል?

ኮሚቴው ከሚያገኘው ገቢ 90 በመቶውን መልሶ ለስፖርቱ እንደሚያከፋፍል ይናገራል። ከዚህ ውስጥ ኦሊምፒክ ሶሊዳሪቲ የሚባል ክፍል አለ። ደካማ አገሮችን የሚደግፍ ፈንድ ነው። ከ2021 እስከ 2024 ባለው ጊዜ በጀቱ 590 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ገንዘቡ በዋናነት የሚሄደው ለስፖርተኞች ስኮላርሺፕ፣ ለአሰልጣኞች ሥልጠናና ለአስተዳደር ነው። የሚያልፈውም በየአገሩ ብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሲሚንቶ የሚያፈስ ፈንድ አይደለም።

ሆኖም ሊጠየቅ የሚገባው ነገር አለ። የዋና አሰልጣኞች ኮርስ ወሎ ላይ ቢሰጥ፣ ከዩኒቨርሲቲ በስፖርት ሳይንስ ተመርቀው ሥራ ፈት የሆኑ ወጣቶች ሊሰለጥኑበት ይችላሉ። የሕይወት አድን ጠባቂነትም ሥራ ነው። ከሠልጣኞቹ ሴቶች መኖራቸው ግድ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ እናቶች፣ ሙስሊምም ክርስቲያንም፣ ሴት ልጃቸውን ወንድ ወዳለበት ገንዳ አይልኩም። ለሴቶች የተለየ ሰዓትና ሴት አስተማሪ ከሌለ ገንዳው ለከተማው ግማሽ ልጆች የተዘጋ ይሆናል። ይህ ከመጀመሪያው ካልታሰበበት በኋላ ማስተካከል ይከብዳል።

የወጣቶች ኦሊምፒክ ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 13 ቀን 2026 በሴኔጋል ዳካር ይካሄዳል። በአፍሪካ ምድር የኦሊምፒክ ውድድር ሲደረግ የመጀመሪያው ነው፤ ዋናም አለበት። ለኮምቦልቻ ልጆች ዳካር አይደርስም። ጊዜውን ከኮቨንትሪ ዕድሜ ጋር ማስላት ግን ይቻላል። እሷ ሲድኒ ላይ ስትዋኝ ገና 17 ዓመት የሞላት ልጅ ነበረች። ዘንድሮ ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ እዚያ ዕድሜ ላይ የሚደርሰው ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ ነው። ይህ ጊዜ ለሰንሰለቱ የመጀመሪያ ቀለበቶች ይበቃል፤ ለመንሳፈፍ፣ ለ25 ሜትር፣ ለትምህርት ቤቶች ውድድር፣ ለክልል ማጣሪያ። አሰልጣኙንና ስኮላርሺፑን በብሔራዊ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል ሎዛን ካለው ዓለም አቀፉ ኮሚቴ መጠየቅ ይቻላል። ገንዳው፣ ፓምፑና የየወሩ ክሎሪን ግን የሚጠየቁት ከኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር፣ ከክልሉ ስፖርት ቢሮና ከከተማዋ ፋብሪካ ባለቤቶች ነው።